የካፖርቱ ቁልፍ

ከአልጋዋ ሥር ሳብነው፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣
ስንፈታው ተነፈሰ፣ እንደ ሰው «እህ…» ብሎ፤
አኮርዲዮኗ።
መንበረ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች፣
ከዚያ ወዲያ ግን ለመንካት አልደፈረች።

አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ገባች፣
ቀን የተበጠሰ ድር ስትቀጥል ዋለች፣
ማታ በሠራተኞች ክበብ አኮርዲዮን አነሳች።
ማን አስተማረሽ? ስንላት፣
«ማሽኑ ነዋ፣ ሌላማ ማን ይኖራል?
እሱ ሌሊቱን ሲጮህ፣ ጣት እንዴት ይተኛል?»

አንድ ክረምት ወንዙ ቤታችን ድረስ መጣ፣
ፍራሹን፣ ዱቄቱን፣ ያንድ እግር ጫማ ይዞ ወጣ።
እሷ ግን ያን ሌሊት ከጎረቤት ጣሪያ
ሕፃን እያወረደች፣ እኛን አልሰማችም።
(ይህን ነገር ሰይፉ እስከ ዛሬ አልረሳም።)
ንጋት ላይ ስትመጣ፣ አኮርዲዮኗን ውሃ ጠጥቶ አገኘችው፤
በፀሐይ፣ በጨርቅ፣ በትንፋሿ አደረቀችው።
አንዲት ቁልፍ ብቻ ከጎርፉ ጋር ቀረች።
እማዬ ወደ አባባ ካፖርት ዞር አለች፣
ከደረቱ አንዷን በመቀስ ቆረጠች፣
በባዶው ቦታ ላይ በማስቲሽ ለጠፈች።
ቡናማ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ታምራለች፤
ድምፅ ግን የላትም።
አባባ ዳምጠው ስንት ሐምሌ በተከፈተ ደረት አሳለፈ!
«ቁልፌ ዘፋኝ ሆነ» ይል ነበር፣ «እኔን ብርድ ገረፈ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣
ሳንባቸው የታመመ ሰዎች ወረፋ ሲጠብቁ፣
አኮርዲዮኗን ትዘረጋለች፦
«እንደዚህ ሳቡ። እንደዚህ ልቀቁ።»
የሳሉትን ተፊያ ታጥባለች፣ ያልመጡትን ቤታቸው ሄዳ ትፈልጋለች።
መታወቂያ ሠሩላት፣ «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ ተጻፈ።
«ይርገዱ ፈቃደኛ ናት በሉ፣ ይበቃል» አለች፤
«በጎነቱን ሌላ ሰው ይመስክር፣ ካለ።»

እውነቱን ልናገር፤ አልወደድኩትም ያኔ።
የወላጅ ቀን ሲሆን የሰው በሽተኛ ታገላብጣለች፣
የኔ ወንበር ጎን ባዶ ነው።
«እናታችን የሁሉም ናት» አለ ሰይፉ አንድ ማታ፣
«ለኛ የሚደርሰን ሲደክማት ነው።»
በሩ ጋ ቆማ ሰማች።
እራት አልበላችም።
በማግስቱም ሄደች።

ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ከሐዲዱ ዳር ሰብስባ
ዜማ ታስይዛለች። የካፖርቱ ቁልፍ ላይ ስትደርስ
ጣቷ ይጫናል፣ አየር ብቻ ይወጣል፤
«አፋችሁ የት ሄደ?» ትላለች፣ ሳታቆም።
«እምም!» ይላሉ፤
ሠላሳ ሕፃን ላንዲት ድምፅ ይሸከማል።

አርባዋ ካለፈ ወዲያ የጤና ጣቢያው ሰዎች «እናስባት» አሉን።
እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ
ፒያሳ ወስጄ አስጠገንኩት።
ሰውዬው የካፖርቱን ቁልፍ ነቅሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ
«ይቺ ደግሞ የምን ጉድ ናት?» ብሎ ሰጠኝ።

ባሕር ዛፎቹ ሥር መንበረ ተጫወተች፤
የእናቴ ጣት እጇ ላይ ያለ ይመስላል።
ያ ቦታ ሲደርስ አዲሷ ቁልፍ ጮኸች፣
ጥርት ብላ፣ እንደ እንግዳ፣ ማንም ሳይጠራት።
ከወንበሮቹም ሁሉ፣ የሚኒባሱ ሾፌር፣ ነርሷ፣
በክራንች የቆመው ሽማግሌ፣ ያ ከጣሪያ የወረደው ሕፃን፣ አሁን ራሰ በራ፣
«እምም» አሉ።
ድምፂቱ ሁለት ሆነች። አንዷ ትርፍ ናት።
ሰይፉን ዞሬ አየሁት። አፉ ተገጥሟል፣
ጉሮሮው ግን ይንቀጠቀጣል።

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ተመለስኩ።
«ምነው፣ አበላሸሁት?» አለ፣ መነጽሩን እየጠረገ።
«የለም፣ ደህና አድርገህ ሠርተኸዋል» አልኩት፣
ጋዜጣውን ፈትቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አኑሬያት፤
«ይቺን መልስልኝ።»