ይርሳው

የመተማው አውቶቡስ አመሻሽቶ ገባ፤
ባርኔጣዬን ደፍቼ ወረድሁ፣ እንደ ሌባ።
(«እንደ» ማለቴ ለምን? ሌባ ነበርሁ።)
የባጃጁ ልጅ «ጋሼ፣ ወዴት?» ቢለኝ፣ «ወደ ሐይቁ» አልሁ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከጣና ሸሽቼ፣
ሰሊጥ አጭጄ፣ ያጨድሁትን ጠጥቼ፣
ከሰው ሳልስማማ፣ ከራሴም ተጣልቼ።

የደሴቲቱ ደብር ጣራው ያፈስ ነበር።
ምእመናን ያዋጡት የቆርቆሮ ብር
በእኔ እጅ ነበረ፤ ጀልባ ነጂ ነኝና ገዝቼ እንዳሻግር።
አርባ ሺህ። የባልቴት ሳንቲም፣ የአሣ አጥማጅ ስእለት።
ቆጥሬ ተቀበልሁት፤ ሳልቆጥር አጠፋሁት።
ዋሴ እንየው ነበር፤ ታንኳ ሠሪው፣ የደንገሉ ሰው፣
አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከስሜ ሥር ያተመው።

እምቦጩ ተነቅሎ ተከምሯል በዳር በዳሩ።
የቀን ሠራተኞች ሹካቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ያወሩ ነበሩ፤
«ዘንድሮም ነቀልነው፤ ለከርሞ ይበቅላል።»
ሳቅ አመለጠኝ። ይህ አረም እኔን ይመስላል፤
አበባው ያምራል፤
ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያፍናል።

እንየው እዚያው ነበር። አርጅቷል።
ታንኳውን ከውሃ ሊያወጣ ይታገላል።
ጉሮሮዬ ደርቆ፣ «አያ እንየው፣ እኔ ነኝ» አልሁ፤ «እኔ ነኝ።»
ባትሪውን አበራ፤ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።
ፊቴን ለጥፊ አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣
«ና እስቲ፣ በዚያ ጫፍ ያዝ፤ ከበደችኝ» አለኝ።

ያዝሁ። ውሃው በክርኔ ወረደ።
ከዋርካው አስጠግተን፣ ፀሐይ እንድትመታት፣
ሁለታችን አቆምናት።
ደንገል እንዲህ ነው፤ ውሃ ላይ ሲሰነብት
ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ለመስጠም ይደርሳል፤
ሠሪው ግን አይጥለውም፤ አቁሞ ያደርቀዋል።

ከገንዳ ውሃ ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤
«በየወሩ እየሠራሁ...» ብዬ ስጀምር፣ «የቱን ገንዘብ?» አለኝ።
«የቆርቆሮውን።»
            «እሱማ ያኔውኑ ተከፈለ።
በሬዎቼን ሸጥሁ፤ ቆርቆሮው በጥቅምት ጣራው ላይ ዋለ።
ወረቀቱም ተቀደደ። ሰው ልከን ነበር፤ ጎንደር፣ ሑመራ፣ አብርሃጅራ፤
ዕዳ የለብህም ልንልህ ነበር ያ ሁሉ ጣራ።»

ሰባት ዓመት ከሞተ ዕዳ ሸሸሁ!
ፖሊስ ባየሁ ቁጥር በሰሊጥ ነዶ ተጋረድሁ።
ምሕረት በስሜ እየጠራ ከኋላዬ ሲሮጥ
አሳዳጅ መስሎኝ አመለጥሁ።

«በሬዎችህስ?» አልሁት።
ወደ ውሃው ዞረ።
«ዋስ ነበርሁ» አለ፤ ሌላ አልተናገረ።
ይህን ነገር ከልጅነቴ ሰምቼው ነበር፣
በስቅለት ስግደት፣ ግንባሬ ድንጋዩን ሲነካ፤
«ስለ እኛ ከፈለ» ሲባል፣
በሬ የሚያሸጥ መሆኑን አልገባኝም ለካ።

በሦስተኛው ቀን ታንኳዋ ደርቃ፣ እንደ ዳክዬ ላባ ቀልላ፣
እንየው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ወደ ደሴቲቱ ቀዘፍን።
መሐል ላይ የጥቅምት ካፊያ ጣለብን።

ከደብሩ ውስጥ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ይንኳኳል፤
አንድ ጠብታ አያልፍም።
የንስሐ አባቴ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በድምፄ ለዩኝ።
ሁሉን ነገርኋቸው፤ ቁማሩን፣ ስካሩን፣ እዚህም የማልጽፈውን ሌላ።
ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከብዙ ዝምታ በኋላ
መስቀሉን ከግንባሬ አኑረው
«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ፤ ቀጥሎም ቀስ ብለው፣ «ይርሳው።»

እናቴ ናት ይህን ስም ያወጣችልኝ፤
ከእኔ በፊት ለሞተው ወንድሜ፣ ሐዘኑን ሆዷ እንዲረሳው።
በትምህርት ቤት ጠርተውኛል፣ በቀበሌ፣ በመጠጥ ቤት፤
ሁልጊዜ የእኔ ብቻ ነበር።
ያን ቀን ግን፣ ስም ይሁን ጸሎት፣ አልለየሁም።
«አቤት» አልሁ።
ምናልባት እኔን አልጠሩም።