ጠጉር ያበቀለ ግድግዳ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣
ደጄ ላይ አግዳሚ፣ በሦስት ድንጋይ ተደላድሎ።
ታፔላ አልሰቀልኩም፤ ሹሩባ ሠሪዋ ካሉ
እታፈራሁ ጋ ነው፣ ልጆቹ ያደርሳሉ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጣቴ ራስ ላይ ኖረ፣
ዓይኔ ሳያይ በፊት ስንቱን እሱ ቆጠረ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ውርጩ ሣር ላይ ሳለ፣
ደብሪቱ ገባች፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያለ።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ታስገባለች፣
የሚበጠስ ክር ከሩቅ ታውቃለች።
«ሻሽሽን ፍቺው» አልኳት።
«መጀመሪያ በሩን» አለች።
ዘጋሁት።
ፈታችው።

ከጆሮዋ በላይ ጣት የሚያህል ገላጣ፣
አናቷም ሳስቷል፣ የበልግ ገብስ መስሎ ዝናብ ያጣ።
«ምን አሉሽ?»
«ዓይነ ጥላ አሉኝ፣ ጸበል ገባሁ ሰባት ቀን፤
ጎረቤቴ ደግሞ፣ ጠጉርሽ ተቀብሮ እንዳይሆን።
እናቴ ቅቤ፣ እህቴ ሬት፣
የፋብሪካ ጓደኛዬ ነጭ ሽንኩርት።
አማቴ ዝም አለች።
እሱ ነው የመረረኝ መድኃኒት።»

ዝም ብዬ ዳሰስኩ።
ስንት ራስ አለፈ በዚህ ጣት።
የመሐል ሜዳዋ ወርቅያንጥፉ፣ አንገቷ ላይ እንቅርት፣
ጠጉሯ እንደ ደረቀ ጓሳ፣ ስነካው ስብርት።
የሞላሌዋ ልጅ፣ የዓይኗ ቆብ ውስጡ የነጣ፣
የወር አበባዋ አሥር ቀን ሙሉ እየመጣ፣
ደም ያነሰው ገላ ለጠጉር ከየት ያምጣ?
ያቺ የተስቦዋ፣ ዳነች ተብሎ እልል ከተባለ፣
በሦስተኛው ወር ጠጉሯ ትራስ ላይ ዋለ።
ማለስለሻው ያቃጠላት የዓምናዋ ሙሽራ፣
ቁስሏ ሽሮ ቆዳው እንደ ሸክላ የሚያበራ።
የልጇ ወሬ የጠፋባት የሰላ ድንጋይዋ እናት፣
ምን ብዬ ልጠይቃት?
እፍኝ ጠጉሯ አወራላት።

ይኼ ሁሉ የሌላ ነው።
የደብሪቱ የጆሮዋ በላይ ግን የኔ ነው፤
አወቅሁት፣ የጣቴ ፊርማ ነው።
ለጥምቀት፣ ለሰርጓ፣ ለመልስ፣ ለክርስትና፣
«ጥብቅ አርጊው» ትላለች፣ ወር እንዲከርም፣ እንዲጸና።
ቅንድቧ ሽቅብ ሲሳብ፣
«አማረብሽ» እላለሁ፣ እንባዋን ሳላስብ።
ሦስት ሌሊት ሳትተኛ፣ ባንድ ጎኗ፣ በራስ ምታት፤
እኔ ብሯን ቆጥሬ፣ «ቁንጅና ያማል» ብዬ ሸኘኋት።
በቁንጅና ስም ነቀልኩ፣ ከነሥሩ።
ማን ከሰሰኝ? ሁሉም ድግምት ነው የሚጠረጥሩ።

«ልጅሽ ስንት ወሯ?»
«አምስት።»
«መሳቅ ጀመረች?»
«ጀመረች» ብላ እሷም ትንሽ ሳቀች።
እናቴ ትል ነበር፦ ሕፃን ሲስቅ የእናት ጠጉር ይሰማል፣
በርግዝና ታግሦ የቆየው፣ ተራው ደርሶ ይሄዳል።
«የአናትሽ ይመለሳል» አልኳት፣ «ጊዜ ነው የሚፈልገው።»
የጎኗን ግን ምን ልበል?
አላልኩም።

«አልሠራሽም ዛሬ። እንደ ተፈታ ኑሪ።
ሰኞ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ደምሽን አስመርምሪ።»
«ገንዘቡስ?»
«ጉበት ግዢበት፣ ምስርም ጨምሪ።»

ከማበጠሪያው የቀረውን ጠቅልላ በጣቷ
ወደ ግድግዳው ሄደች፣ እንደ እናቷ፣ እንደ አያቷ፤
ወፍ እንዳይወስደው፣ ክፉ ሰው እንዳያገኘው፣
ስንጥቅ ውስጥ ልትሰካው።
ፈለገች፣ ፈለገች፣ ቦታ አጣች።

ሃያ ሁለት ዓመት ጭቃው ጠጉር ጎርሷል፦
ጥቁሩን፣ ሂና የነካውን፣ ሽበቱን፣
ደም ማነስ የነቀለውን፣ ሐዘን የነቀለውን፣
እኔ የነቀልኩትን።
ጎን ለጎን ተወትፏል፤ ግድግዳው አይለይም።
ከገቡት ሴቶች ሁሉ
እንደሱ ጠጉር የሞላው የለም።

«እዚህ ጋ» አልኳት።
አውራ ጣቴን ሰድጄ ቦታ ከፈትኩላት።

ስትሄድ በሩን መልሼ ዘጋሁ።
የገዛ ሻሼን ፈታሁ።
ከጆሮዬ በላይ፣ ለስላሳው ላይ፣ እጄን አሳለፍኩ።
እኔንም እናቴ ናት
ጥብቅ አድርጋ የሠራችኝ።