ይለፍ

ቂርያት ጋት ከተማ፣ ከገበያው ደጃፍ፣
የምሸጣት ቃሌ አንዲት ናት፤ እሷም "ይለፍ"።
ቦርሳ አስከፍቼ እጄን እሰዳለሁ፤
ዳይፐር፣ ኪኒን፣ ቁልፍ፣ ሎሚ እዳስሳለሁ፤
"ማን ነህ? ከየት መጣህ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤
ጠይቄ ስጨርስ "ይለፍ" እላለሁ።

ማክሰኞ ማታ ግን፣ ተራው ዞሮ ኖሮ፣
ላፕቶፔ አቆመኝ ደጁን ቀርቅሮ።
ስሜን ከነፎቶዬ ግንባሩ ላይ ለጥፎ፣
"ማን ነህ?" አለኝ፣ ጥያቄዬን ካፌ ላይ ገፍፎ።

የይለፍ ቃሌን ሰጠሁት። "ተሳስተሃል" አለ።
መነጽሬን ጠርጌ ደገምሁ። "ተሳስተሃል" አለ።
በአንድ ጣት፣ በቀስታ፣ ዳዊት እንደሚደግም
ፊደሉን ለቀምሁት፤ እሱ ግን አላመነም።
ነጥቦቹን ቆጠርሁ፤ ስምንት ናቸው፣ አልጎደሉም፤
ስምንት ፊደል ነው ቃሌም፤ ታዲያ ለምን አይገቡም?

በማግስቱ እኩለ ቀን ጠበቃዬ ትጠብቀኛለች፤
"ሰነዱን ካላመጣህ ቀጠሮው አለቀ" ብላኛለች።
ውስጡ ያለው ወርቅ አይደለም፤ ሰዓቴ ነው፣
ቀን በቀን የመዘገብሁት፣ ያልተከፈለኝ ሰዓቴ ነው፦
በር ሳይከፈት ቀድሜ የቆምሁት ግማሽ ሰዓት፣
ተረኛው ሲቀር በላዩ የደረብሁት ሌሊት፣
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በሠንጠረዥ ተሰልፎ፣
ይኸው ቀረ ከውስጥ፣ ከኔው ተቆልፎ።

"አጥፍተህ አብራው አባባ" አለችኝ ልጄ በስልክ፤
አጠፋሁ። አበራሁ። መጣ ያልታዘዘ መልክ፦
ሰማያዊ ገጽ፣ ጭር ያለ፣ እንደ አሽዶድ ባሕር በክረምት፤
"አማራጭ ምረጥ" ይላል፤ ምን መርጬ ልግባበት?
"ቀጥል" የሚለውን ነካሁ፤ ነጥቦች ክብ ሠርተው
እንደ አውድማ በሬ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ደክመው
ከዚያው በር ጣሉኝ። "ማን ነህ?" ሌሊቱ ስድስት ነው።

ከላይኛው ፎቅ አርካዲ ወረደ፣ በነጠላ ጫማ፤
ጣሪያው ስስ ነው መሰለኝ፣ ስራገም የተሰማ።
ካርኪቭ ባቡር ሲጠግን ኖሮ፣ እዚህ ጡረታ ወጥቶ፣
ዕብራይስጡ እንደኔው ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ጠፍቶ።
እሱ ስም፣ እኔ ግስ፣ አዋጥተን በጋራ
አንዲት ዓረፍተ ነገር እናቆማለን፣ በመከራ።

ቁጢጥ አለ። "ዓይኗን ንካት" አለኝ፣ ከሳጥኑ ጫፍ ያለችውን።
ነጥቦቹ ተገለጡና አየነው የጻፍሁትን፦
ሁሉም ፊደል ትልቅ፣ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ፣
ቁጥሬም ምልክት ሆኗል፣ መልኩን ለውጦ፣ ሸፍቶ።
እኔ ምን ላውቅ? የኛ ፊደል ጌታና ሎሌ የለው፤
"ሀ" መጀመሪያም "ሀ" ነው፣ መጨረሻም ያው ነው።

"ቁልፏ ተጭና ቀርታለች" አለ። "ማን ተጫናት?" "ማንም።"
በጥፍሩ ፈነቀላት፤ ቀጭ አለች፣ አልተሰበረችም።
ከሥሯ፣ ከነጨዋ፣ ተገኘች የሱፍ ቅርፊት፣
በደረብሁት ሌሊት የምቆረጥማት፣ እንቅልፍን ልሸውድበት።
ይኸ ሁሉ ዘብ፣ ይኸ ሁሉ ምሥጢር፣ ቁልፍ በቁልፍ፣
ለካ የሚረታው በአንዲት ፍሬ ሱፍ!
የስንቱን ቦርሳ ስበረብር፣
የኔን ጣት ማን ፈተሸ?

አርካዲ አሽትቶ "ጨው በዝቶበታል" ብሎ ሳቀ፤
ቃሌን ዳግም ሰጠሁት፤ በሩ ያለ ሙግት ለቀቀ።
"እንኳን ደህና መጣህ" አለኝ።
ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሠንጠረዡን ከፈትሁ፤
ከመጨረሻው ረድፍ ሥር አንድ መስመር ጨመርሁ፦
"ማክሰኞ ሌሊት። አራት ሰዓት። የገዛ ደጃፌ ላይ።
ክፍያ፦ የለም።"

ጠበቃዋ ከፈለገች ትሰርዘው።
እኔ ግን ቆሜያለሁ።