ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ላስቲክ ላይ ከተደረደሩት
በመቶ ሃያ ብር፣ ተከራክሬ ገዛሁት፤
ሽፋኑ ዝናብ የቀመሰ፣
ጀርባው ፈርሶ በፕላስተር የተመለሰ፣
አምላክን ያመዋል ወይ ብሎ ጀምሮ
ወደ ግርጌ ማስታወሻ የሚሸሽ፣ ፈርቶ ይሁን አፍሮ።

አራት ኪሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ
አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ደጋግሜ።
ፈረንጁ መምህር ረጋ ብሎ ያስረዳል፦
ከሚሰቃየው ጋራ እግዜርም ይሰቃያል።
ጥሩ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ።
ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አንድ ርምጃ ተጠጋሁ።

ከጎኑ ግን፣ በደበዘዘ እርሳስ፣
አንድ ቃል፦ «ጥላዬስ?»

የዛፍ ጥላ መስሎኝ፣ የምሳሌ ነገር፣
ምሥጢር ስፈልግለት ነበር፤
ቆይቶ ነው የገባኝ።
ለካ የሰው ስም ነው።

ሽፋኑ ውስጥ «መርዕድ፣ ሚያዝያ ፹፩» ይላል፤
ወንድሙ ይሁን ልጁ፣ ማን ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ መስመር የለም፤
መቶ አርባ ገጽ ሙሉ እርሳስ አልነካውም።
ትቶት ይሁን፣ ወይስ አንብቦ ጨርሶ
እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያወርድ መልሶ።

«ሽሮሜዳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
መጽሐፉን ዘግቼ ገባሁ፣
ጣቴን እዚያው ገጽ ላይ እንዳደረግሁ።