ከደወል እስከ ደወል

ደወሉ ስድስቴ ሲመታ ከምንጩ አጠገብ ተነሣሁ፤
ግራ ጉልበቴ ተነጫነጨ፣ «ዝም በል» ብዬው ረሳሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ ደብዳቤ አድዬበታለሁ፣
ዘንድሮ ጡረታ ወጥቼ ባዶ እጄን እሮጥበታለሁ።

ቢጫ ብስክሌቴ ቤት ቀርታለች፣ ከጎተራው ጣሪያ ስር ተሰቅላ፤
ዶሮ ታድርባታለች ማታ፣ ላባዋን በመሪው ላይ ጥላ።
ዳቦ ጋጋሪው ፊርሚን ከመስኮቱ፣ ክንዱ በዱቄት ነጥቶ፣
«ማን እያሳደደሽ ነው?» ይለኛል፣ መልሱን ሳይሰማ ገብቶ።
ካርታ ምን ያደርግልኛል፤ እግሬ ያውቀዋል ዳገቱን፣
የትኛው ውሻ ሥጋ እንደሚነክስ፣ የትኛው አየሩን።

ድልድዩ ጎባጣ ነው፣ እንደ አሮጌ በቅሎ ጀርባ፤
ከሥሩ ኦርሴት በበጋው ቀጥና፣ በድንጋይ መሐል ስትገባ።
ከመካከለኛው ድንጋይ ላይ የጥንት ቀረጥ ሰብሳቢ ጽፏል፦
በበግ ይህን ያህል፣ በጨው ጭነት ይህን ያህል፣ በወይን በርሜል...
ስለምትሮጥ ሴት ምንም አይልም።
በነጻ አለፍኩ።

ከዚያ ሜዳው ይከፈታል። ስንዴው ደርሷል፣
ማጨጃው መኪና ገና አልደረሰም።
ከስንዴው መሐል የርግብ ግንብ፣ ክብ፣ ጣሪያው የፈረሰ፣
ውስጡ ሁለት ሺህ ቀዳዳ፣ እንደ ማር ሰፈፍ።
የጌታው ርግብ የጭሰኛውን ዘር በጠራራ ፀሐይ ስትለቅም
ወንጭፍ ያነሣ እጅ ይቆረጥ ነበር ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።
አሁን ርግቦቹ የማንም ናቸው፣ ግንቡም የማዘጋጃ ቤት፤
ዘሩን ግን ዛሬም ይለቅማሉ፣ ማን ነግሯቸው ስለ አብዮት።

አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከመቃብሩ አጥር ኋላ፣
ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፣ በግድግዳዋም ዝቅ ብላ
አንዲት ጠባብ መስኮት።
ለምጻሞች ነበሩ ከውጭ ቆመው ቅዳሴ የሚሰሙባት፣
በዝናብ፣ በበረዶ፣ ክርናቸው እስኪያለሰልሳት።
እዚያ ነው ባቴን የማፍታታው። እጄን ደፏ ላይ አኖራለሁ፤
ቀዝቃዛ ናት፣ ክርን የሚያህል ጎድጉዳለች።
እኔም ዕድሜዬን በጠባብ ቀዳዳ ሳቀብል ኖርኩ፣ እላለሁ፦
የልደት ካርድ፣ የመብራት ሂሳብ፣ መርዶ።
ከበሩ ኋላ የነጠላ ጫማ ድምፅ፣
አንድ ሳል፣
ፊቱን ሳላየው ጡረታ የወጣሁበት ስንት ሰው አለ።

ሰባተኛው ላይ የኤቫሪስት እርሻ፤ ግንቡ ከጓሮው አውድማ፣
ግማሹ በመብረቅ የወደቀ፣ ግማሹ የቁራ ከተማ።
ጥንታዊው መንገድ በዚያ ነበር፤ እሱ ግን ዘጋው በሰንሰለት፤
ላሞቹን ያሸጠውን መጥሪያ እኔ ነበርኩ ያደረስኩለት።
ፈረመ፤ እስክሪብቶዬን በአክብሮት መለሰልኝ፤
ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈገኝ።
ስለዚህ በረግረጉ እዞራለሁ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ጭቃ።
አልፈርድበትም። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣
የያዘው እጅ ግን የእኔ ነው።

ዛሬ በሩ ክፍት ነው።
ሰንሰለቱ በምስማር ላይ ተሰቅሏል፤
በሩን የደገፈው ከግንቡ የወደቀ ድንጋይ፣
የመልአክ ፊት፣ ግማሽ፣ አፍንጫ የሌለው።
ኤቫሪስት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል።
ሩጫዬን አላቆምኩም፣ ቀነስኩ እንጂ።
ቀና ሳይል፦
«ሲዶኒ፣ ደብዳቤ አለ?»
«የለም።»
ሁለት ሦስት ፈለፈለ።
«እንግዲያስ እለፊ።»

አለፍኩ። ቁራዎቹ ተነሥተው ተመልሰው ተቀመጡ።
መንገዴ በሁለት ኪሎ ሜትር አጠረ፤
ደወሉ ሰባቴ መምታት ሲጀምር
ከምንጩ አጠገብ ቆሜ በመዳፌ እጠጣ ነበር።
ስንዴው ደርሷል ብያለሁ?
እኔም ደረስኩ፣
ለማንም ምንም ሳላደርስ።