ሰሙ ሲቀልጥ

ከኩላሊቷ የወጣች፣ የክር ጫፍ የምታክል ሥጋ
በሰም ተቀብራ አደረች፤ እኔም አብሬያት ሳልተኛ ነጋ።
ምድር ቤት ነው የምሠራው፣ ከሆስፒታሉ ታችኛ ቤት፣
መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ሳል ይዞት የሚነሣበት።

አባቴ ቅኔ የቆጠረ፣ ቃል የሚመዝን ሰው ነበር፤
«ሰሙን አትናቂ» ይለኝ ነበር፣ «ወርቁ ያለ ሰም የት ያድር?»
እኔ የማቀልጠው ሰም ግን የሻማ ዘመድ፣ ፓራፊን ነው፤
የምፈልገውም ወርቅ አንድ ስሙ ያልታወቀ ፕሮቲን ነው።

ትርንጎ ከአዘዞ ናት። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች።
መጀመሪያ ጫማዋ ጠበባት፤ ጫማ ሠሪውን ረገመች።
ከዚያ ፊቷ በጠዋት አበጠ፤ ጎረቤት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» አላት፤
ከዚያ ሽንቷ እንደ ሳሙና አረፋ ደፍቆ አስፈራት።

«ማን መታኝ?» ብላ ጠየቀች ዶክተር ወንድይፍራውን በቀስታ፤
«የራስሽ ዘበኛ» አላት፣ ሌላ ቃል አጥቶ ለአፍታ።

የራስሽ ዘበኛ!
ቤቱን ከሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ፣
ሌሊት ለሽንት የወጣውን የቤት ልጅ ቅልጥም በሽመል የሰበረ።
የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ።
ግን በልጁ ፊት ላይ ምን አየ?
ከማን ጋር አምታታው? ከማንስ ለየ?

ማጥለያው ላይ እግር ያላቸው ሕዋሳት አሉ፣
እንደ ጣት ተጠላልፈው ደም የሚያጠልሉ።
ከእነዚያ ጣቶች በአንዱ ላይ ነው ዱላው ያረፈው፤
የትርንጎ እግር ያበጠው በሌላ እግር ጦስ ነው።

ስሙ ካልተገኘ መድኃኒቱ ጅምላ ነው፣
ዘበኛውን ሁሉ ማስተኛት ነው፤
ያኔ ሳምባ ምች ይገባል፣ ቲቢ ይገባል፣ ጠባቂ በሌለው ገላ።
ስሙ ቢገኝ ግን ደሟ ይነግረናል፣ ዱላው ሲጠብቅ፣ ዱላው ሲላላ።

መጽሐፍ የሚያውቃቸውን ስሞች አንድ በአንድ ጠራሁ።
የመጀመሪያው፤ ጨለማ።
ሁለተኛው፤ ጨለማ።
ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ፤ በአንገረብ በኩል ውሻ ሲያላዝን ተሰማ።

በአራተኛው፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣
ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አንሥቼ ግድግዳ አየሁ። ፈራሁ።
ደግሜ አየሁ።
በማጥለያው ዙሪያ እንደ ደቃቅ ጨሌ የተሰደረ ብርሃን።
ሰሙ ቀልጧል፣ አባባ፤
ወርቁ ግን አረንጓዴ ነው።

ስሙ ፊደልና ቁጥር ነው፣ አጭር፣ የመኪና ታርጋ ያህል፤
ሌሊቱን ሁሉ ሳድነው ያደርኩ፣ ወንጀለኛ ይመስል!
እሱ እኮ ተመቺው ነው።
ከእናቷ ማኅፀን ጀምሮ አንድ ቀን ሳያርፍ፣
ሥራው ላይ እንዳለ ነው ሽመል የወረደበት።

ውጭ ነግቷል። የማራኪ ሚኒባስ ረዳት ይጣራል።
ትርንጎ አግዳሚው ላይ አለች፤ የጫማዋ ተረከዝ ተረግጧል።
«ተገኘ?» አለች።
«ስሙ ተገኘ።»
«የዘበኛው?»
«የልጁ።»

ዝም አለች። ከዚያ እጇን
መርፌው ከገባበት ቦታ ላይ
ጫን ሳታደርግ አኖረች።