ንበር

በቢቸና መብራት በጠፋበት ማታ
ወረቀት ታቅፌ ሄድኩ ወደ የኔታ።
የኔታ እንዳላማው ጧፍ አላቸው፣ እኔ ቀይ እስክሪብቶ፤
የጮቄ ንፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ
አንዱን የተማሪ መልስ ከጉልበቴ ላይ አነሣው፣
ወስዶ እግራቸው ሥር አነጠፈው፣ ረሳው።

«ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩት፦
‹ጳጳሱ ወንበሩን የተወው እግሩን ቢያመው ነው።›
ዜሮ ልሰጠው ስል እጄን ያዙት።
«የቱ ጳጳስ? ወንበርስ ይተዋል? ከሥሩ ንገረኝ፣ ልመርምረው።»

ነገርኳቸው።
ከዘመን ባንዱ፣ በሮም አገር፣ ከተራራ ዋሻ ያደረ፣
ዳዋ ጥሶ፣ ጤዛ ልሶ የኖረ፣
ሰማንያ የጠጋው አንድ መናኝ ነበረ።
ካርዲናሎቹ ስለ መንበሩ ሁለት ዓመት ተጣልተው፣
ሰው ቢያጡ፣ የማይፈልገውን ሰው አስታውሰው
አወጡት።
በአህያ ገባ፤ ንጉሥ ልጓም ያዘለት።
በአዳራሹ መሐል የሳንቃ ጎጆ ቀለሰ፣
ዋሻውን ያህል ጠባብ፤ እዚያ ገብቶ አለቀሰ።
የለመነውን ሁሉ ሾመ፣ አንዱን ደብር ለሦስት ሰው፤
እምቢ ማለትን ዋሻው መች አስተማረው?
ባምስተኛው ወር ካባውን አወለቀ፣
ዘውዱን አኖረ፣
ከምድር ተቀመጠ። ጉባኤው ተሳቀቀ።

«ወደ ዋሻው ገባ?»
«አልገባም፣ የኔታ።
ተኪው ፈራውና ከባሕር ዳር አስያዘው፤
ከግንብ ዘጋበት። እዚያው ሞተ።
ቆይተው ቅዱስ አሉት።»
«ቆይተውማ!» አሉ።
ዝም። ጧፉ ተንጠባጠበ።
«አህያውስ?»
መጽሐፉ አይልም።

በደብሩ ሲወራ ሰምቻለሁ፦ በጎልማሳነታቸው
ደብረ ማርቆስ ለአለቅነት ካባ ደርበው ሾመዋቸው፣
በአርባኛው ቀን በቅሎዋን ከደጀ ሰላም አስረው
ሌሊት በእግር ወጡ አሉ፣ አንዲት ዳዊት አንግበው።
አልጠየቅኳቸውም።

በጣታቸው አፈሩ ላይ ጻፉ፦ መንበር።
በመዳፋቸው «መ»ን አበሱ። ቀረ፦ ንበር።
«በግእዝ ተቀመጥ ማለት ነው፤ ኑር ማለትም ነው።
ያ ሰው አንዲት ፊደል ቢያብስ፣
እነሱ ‹ንበር› ሊሉት ፈሩ።
ልጁም አልተሳሳተ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ
እግር መሬት አጥቶ ሲንጠለጠል ሲውል ያማል፤ አላየህም ወይ?»

ሙሉውን ሰጠሁት፣ አሥር ከአሥር፣ በቀዩ።
ጧፉ አለቀ።
ደጁን ስከፍት ከጨለማው ውስጥ
ድምፃቸው ተከተለኝ፦
«አህያውን ግን ማን ፈታው?»